«ኤታዤር»፦ የአንድ ቃል ጉዞና የአተረጓጐም ችግሩ

ከፈረንሳይኛ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ከተሻገሩት የቤት ዕቃ ስሞች አንዱ «ኤታዤር» ነው። ቃሉ የተመሠረተው «ኤታዥ» ከሚለው ስም ነው። የዚህም ሥር «መቆም» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግስ «ስታሬ» ሲሆን፣ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኤታዥ» ማረፊያንና መኖሪያን ያመለክት ነበር፤ ኋላ የሕንፃ ደርብ መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ «ኤታዤር» በትውልዱ የሚናገረው በደርብ በደርብ መሠራትን ብቻ ነው። በዛሬው ፈረንሳይኛም የወጥ ቤት የሣንቃ መደርደሪያ ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠራል።

የጌጥነት ትርጉም የጐላው በውሰት ነው። እንግሊዝኛ በ19ኛው መቶ ዓመት ቃሉን ሲወስድ ለተራው መደርደሪያ የራሱ ስም ነበረው፤ ስለዚህ እንግዳውን ቃል በእንግዳ መቀበያ ክፍል ለሚቆመው፣ ጐኑ ክፍት ለሆነውና የጌጣጌጥ ዕቃ ለሚታይበት መደርደሪያ ለየው። ለተመሳሳዩ ዕቃ ቀድሞ የነበረው የእንግሊዝኛ ስም «ዋትኖት» ሲሆን፣ ፍችው ከእኛ «ምናምን» ጋር ይቀራረባል። ሩስያኛ «ኤታዤርካ» ብሎ ከወሰደው በኋላ፣ ክንፎቻቸው አንዱ ከሌላው በላይ የሆኑትን የጥንት አውሮፕላኖች በቀልድ ጠራበት። በጀርመንኛ ደግሞ በደርብ የተሠራ የጣፋጭ ማቅረቢያ ማለት ሆነ። ቅርጹ በሁሉም ዘንድ ሲጸና አገልግሎቱ ግን ተለዋውጧል።

ይህ ለተርጓሚ ቀላል ነገር አይደለም። የፈረንሳይኛ ድርሰት የሚተረጕም ሰው የቃሉን ፍች ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቢወስድ፣ ድስትና ጣሳ የተቀመጡበትን ሣንቃ የሳሎን ጌጥ ያደርገዋል፤ በአንድ ቃል ስሕተት የድኻው ቤት የባለጸጋ ቤት ይሆናል።

በአማርኛ «ደረደረ» ከሚለው ግስ የወጣው «መደርደሪያ» ዕቃውን በተግባሩ ስለሚሰይም የፈረንሳይኛውን ሰፊ ትርጉም በሚገባ ይሸከማል። ለጠባቡ ትርጉም «ክፍት የጌጥ መደርደሪያ» ማለት ይበቃል። «ቡፌ» ግን ሊተካው አይችልም፤ እርሱም የፈረንሳይኛ ውሰት ቢሆን፣ በቤታችን የሚታወቀው መዝጊያና መስተዋት ያለው ሆኖ ነው። ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለአንድ የውሰት ቃል ፍች ከመስጠቱ አስቀድሞ፣ ቃሉ የተገኘው በየትኛው ቋንቋ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ሆነ ሊመረምር ይገባዋል።