«ቅድመ ክሊኒክ» ይቅርብን

ሰሞኑን በጤና ዜናዎች ላይ አንድ ሐረግ እንደ ልቡ እየተዘዋወረ ነው። ለሕፃናት የደም ካንሰር የታሰበ አዲስ መድኃኒት «የቅድመ ክሊኒክ ሙከራውን አጠናቀቀ» ይሉናል። ክሊኒክ ለእኛ ምንድን ነው? ከፋርማሲው ጎን «መካከለኛ ክሊኒክ» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ቤት ነው። ታዲያ ከክሊኒክ በፊት የሚሞከረው ምንድን ነው ቢባል ዳማከሴ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት በማር ነው፤ ሲብስም ጠበል ነው። ሐረጉን የሰማች እናት ነገሩን እንዲህ ብትረዳው ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ሊሉ የፈለጉት ሌላ ነው። አንድ መድኃኒት ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በብልቃጥ ውስጥ ባሉ ሕዋሳት፣ ቀጥሎም በአይጦች ላይ የሚታይበትን ምዕራፍ ነው፤ ፈረንጆቹ ፕሪክሊኒካል የሚሉትን። በኮቪድ ክትባት ሰሞን ያልሰማው የለምና አላረዝመውም። የሚያናድደው ትርጉሙ ነው። ክሊኒካል የሚለው ቃል ሥሩ የግሪኩ «ክሊኔ» ሲሆን፣ አልጋ ማለት ነው። ሐኪሙ በታማሚው አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚሠራው ሥራ ነው ስሙን ያወጣለት። እኛ አልጋውን ትተን ታፔላውን ተረጎምን። «ቅድመ ክሊኒካላዊ» የሚሉትማ አሉ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛው ቅጽል ሆኖ ሳለ በላዩ ላይ «ዊ» የሚደርቡበት! ምን ጎድሎት እንደሆነ እነሱ ይንገሩን።

ሌሎች አማራጮችም ቀርበዋል። «ቅድመ ሕክምና» ከምርመራ በፊት ያለውን ጊዜ ወይም የሕክምና ተማሪዎችን መሰናዶ ትምህርት ያስመስላል። «የእንስሳት ሙከራ» ብልቃጡን ይረሳል፤ ከዚያም አልፎ የታመመው በሬው ይሁን ሰውየው አይለይም። «የቤተ ሙከራ ጥናት» ይሻላል፤ ግን ሐኪም ያዘዘው ተራ የደም ምርመራም የሚሠራው እዚያው ነው። «ቅድመ ሰው ሙከራ» ሲሉ የሰማኋቸውም አሉ። ልቤ ሊቀበለው ነበር፣ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ሉሲ ትዝ አለችኝ እንጂ። በዚህ አገር ቅድመ ሰው ከተባለ ወሬው ስለ መድኃኒት አይደለም።

«ሙከራ» የሚለውም ቢሆን ጊዜ ወስዶ ሊታይ ይገባዋል። በግእዝ «አመከረ» ፈተነ ማለት ነው፤ «መከራ»ም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው፤ መፈተን ማለት ነበር፣ ኋላ ስቃይ ሆኖ ቀረ። «ፈተና»ም ዕጣው ያው ነው፤ የክፍል ተማሪውም የገዳም መነኩሴውም ይፈተናል። እነዚህ ቃላት ሁሉ የሚፈተነውን ሰው ይዘው ነው የሚመጡት። በሰው ላይ የሚሞከር መድኃኒት ሲሆን ይህ ተገቢ ነው፤ ሰውየው ፈቅዶ፣ ልጅም ከሆነ ወላጁ ፈርሞ፣ የሚቀበለው ነገር አለና። ሰው ባልገባበት ምዕራፍ ግን የሚጠየቀው መድኃኒቱ ብቻ ነው።

ለዚህ ሌላ ቃል አለን፤ ፍተሻ። አዲስ አበባ ውስጥ ባንክም ይሁን ቢሮ ሲገቡ በሩ ላይ ቦርሳ ያስከፍታሉ፤ የሚያልፈው ያልፋል፤ የማያልፈው ዕቃ እዚያው ይቀራል። የደጅ ጠባቂውን ቃል ለሳይንስ ማዋስ የሚከብዳቸው ይኖራሉ፤ ፖሊስ ፖሊስ ይሸታል ያለኝም ሰው አለ። ይሽተት!

ይህ ሥራ በእርግጥ ፍተሻ መሆኑን ለማየት ሲድኒን መመልከት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ድጋፍ ለሕፃናት ካንሰር መድኃኒቶች በተዘረጋው የፍተሻ መርሐ ግብር ውስጥ የደም ካንሰሩን ድርሻ የያዘው አውስትራሊያ፣ ሲድኒ የሚገኘው የሕፃናት ካንሰር ተቋም ነው። ከታመሙ ሕፃናት የተወሰዱ የካንሰር ሕዋሳት በጅራቷ የደም ሥር በኩል ለአይጥ ይሰጣሉ። አይጧ በሽታ የመከላከል አቅሟ እንዲደክም ሆና የተዳቀለች ስለሆነች ባዕዱን ሕዋስ አታባርርም። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ደም እየተቀዳ፣ ከነጭ ሕዋሳቱ ስንቱ የሰው፣ ስንቱ የአይጥ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ሕዋሱ ላይ ያለው ሲዲ45 የሚባል ፕሮቲን የየራሱ ዓይነት ስላለው ይለያል። የሰው ሕዋስ ድርሻ ከመቶ 25 ሲያልፍ በሽታው በረታ ተብሎ ይመዘገባል። መድኃኒቱን ያገኙት አይጦች ካላገኙት ምን ያህል ዘግይተው እዚያ ቁጥር ላይ እንደደረሱ ይነጻጸራል፤ ሥራው ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ቢባል፣ በሽታው በሕፃናት ላይ ሲቆጠር ጥቂት ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ደግሞ ዋናው ዓይነት ከያዛቸው 10 ሕፃናት 9 ያህሉ በነባሩ ሕክምና ይድናሉ፤ አዲስ መድኃኒት የሚጠብቁት በአብዛኛው ያገረሸባቸው ናቸው። ለእነዚያ ጥቂቶች የተገኘውን ሁሉ መሞከር አይቻልም፤ አስቀድሞ በሩ ላይ መለየት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር (ከተማውና ሰውየው በአጋጣሚ ስም ተጋሩ) ቦስተን ላይ አሚኖፕተሪንን ለ16 ሕፃናት ሰጥቶ 10ሩ ለጊዜው እንዳገገሙ ሲጽፍ፣ መድኃኒቱ ዛሬ የሚጠየቀውን ዓይነት ፍተሻ አላለፈም ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የሚፈቅድ ኮሚቴ አይገኝም።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ «ቅድመ ሕሙማን ፍተሻ» ነው። «ቅድመ» ግእዝ ነው፣ «ሕሙማን»ም ግእዝ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ቅድመ አያትና እንደ ቅድመ ክፍያ ክሩ ሳይታይ ይሰፋሉ። «የካንሰር ሕሙማን» ስንል ማንም ትርጉም አይጠይቅም። የግሪኩ አልጋ የጠፋበትን ታማሚም ይመልስለታል። ክትባት ሲሆን መጀመሪያ የሚወስዱት ጤነኛ ፈቃደኞች ናቸው፣ ሕሙማን አይደሉም የሚል ሙግት እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ጤነኛው ፈቃደኛም አልጋ ላይ አልተኛም፤ ግሪኩ ግን አልተነቀፈበትም። በካንሰር መድኃኒትማ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ የሚወስዱት ራሳቸው ሕሙማኑ ስለሆኑ ቃሉ ልክክ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን «የሕሙማን ሙከራ» እንበለው፤ ሁለቱ ደረጃዎች በስማቸው ይለዩ።

አማርኛ ለሕክምና አይመችም የሚለው ወሬ የሚያናድደኝ «ንቅለ ተከላ»ን ስለማስታውስ ነው። ነቅሎ መትከል፤ ገበሬው የሚያውቃቸው ሁለት ግሦች ኩላሊትን ከሰው ወደ ሰው አሻገሩ። ሁልጊዜ እንዲህ ይሳካል አልልም። «ነቀርሳ» የሳንባውን ቲቢ አስቀድሞ ይዞት ስለነበር ለካንሰር ሲሰጠው ሕዝቡ ግራ ተጋባ፤ «ካንሰር» አሸነፈ፣ ደግ አደረገ። ወላጆችም «ኬሞ» ይላሉ እንጂ ማንም «ኬሚካላዊ ፈውስ» ሲል አልሰማሁም። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ «ፕሪክሊኒካል» ብሎ በፊደላችን የሚጽፈውን አልከራከረውም፤ ጠቡ ግማሹን ተርጉሞ ግማሹን ለታፔላ ካስቀረው ጋር ነው።

ለአርታኢዎች ደግሞ የቃሉ ጥቅም መድኃኒቱ ሲወድቅ ይታያል። «የቅድመ ክሊኒክ ሙከራው አልተሳካም» ከማለት «መድኃኒቱ ፍተሻው ላይ ቀረ» ማለት ያጥራል፣ ይገባልም። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ደጋግመው መጻፋቸው አይቀርም፤ ከብልቃጥና ከአይጥ አልፎ ሕፃናት ዘንድ የሚደርሰው ጥቂቱ ነውና።