ምኅጻር ፈቺ፦ አሳጥሮ ጽፎ በሙሉ ማውጣት

ወናጎ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ ማመልከቻው፣ የድጋፍ ደብዳቤው፣ የኪራይ ውሉ በኮምፒውተር ይጻፋል። የአብዛኛው ደብዳቤ መግቢያና መዝጊያ ደግሞ ዛሬም ነገም ያው ነው። «በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጌዴኦ ዞን የወናጎ ወረዳ» የሚለው አድራሻ ብቻ 25 ፊደል አለው። የላቲን ፊደል እየተመታ አማርኛ በሚያወጣው የተለመደ ኪቦርድ ሲጻፍ ከ40 በላይ ምት ይጠይቃል። ጸሐፊዎች ይህን አድራሻ ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ ይመቱታል።

ይህን ድካም የሚያስቀረው መሣሪያ በእንግሊዝኛ «ቴክስት ኤክስፓንደር» ይባላል። ተጠቃሚው ረጅሙን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ያስቀምጥና አጭር ስም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ አጭሩን ስም ሲጽፍ ፕሮግራሙ እሱን አንስቶ ረጅሙን ይተካለታል።

በአማርኛ «ጽሑፍ ዘርጊ» ቢባል ከስህተት አይቆጠርም፤ ግን ሥራውን አይናገርም። «ምኅጻር ፈቺ» ይሻላል። አማርኛ አንባቢ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ዓ.ም. እያለ በምኅጻረ ቃል የኖረ ነው፤ አጥሮ የተጻፈውን በሙሉ ማንበብ ከልጅነቱ ያውቅበታል። መሣሪያው የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ለዚህ አዲስ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም። በየቢሮው ያለው ዎርድ ይበቃል። አድራሻውን በአይጥ መርጦ «አልት» እና «ኤፍ 3»ን አብሮ መጫን፣ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ «ወና» የሚል ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲያ «ወና» ብሎ «ኤፍ 3»ን ሲጫኑ 25ቱም ፊደል ባንዴ ይወጣል። ዎርድ ሲዘጋ ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ከጠየቀ እሺ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው እምቢ ብሎ የለፋበትን ያጣል። በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስም በ«ኤፍ 3» ምኅጻር ይፈታል። ከዎርድ ውጭ፣ በኢሜይልም በሌላውም ፕሮግራም እንዲሠራለት የሚፈልግ ሰው ነጻና ክፍት ምንጭ የሆነውን ኤስፓንሶ መሞከር ይችላል። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል።

የመሣሪያው ጥቅም በፍጥነት ብቻ አያበቃም። ጌዴኦ ዞን እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የደብዳቤው ሁሉ አድራሻ ተለወጠ። ከአሮጌ ፋይል እየገለበጠ የሚሠራ ሰው የቀድሞውን ክልል ስም ሳያስበው ይዞ ይወጣል። በምኅጻር ፈቺ የሚጽፍ ግን «ወና»ን አንድ ጊዜ ያርማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ በአዲሱ ስም ይወጣል።

ጥንቃቄ የሚያሻው በሰው ስም ላይ ነው። «ገ/» ገብረ እንደሆነ ይታወቃል። «ወ/» ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ባለጉዳዩ እንጂ ማሽኑ አይደለም። ስም፣ ቀንና የገንዘብ መጠን ምንጊዜም በእጅ መጻፍ አለባቸው። የትናንቱ ተከራይ ስም ዛሬ በሚፈረመው ውል ላይ ከተገኘ የተቆጠበው ደቂቃ ምንም አይጠቅምም።

ጽሑፉ በዩኒኮድ ቢቀመጥ ይመረጣል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላውም ይነበባል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተቀመጠ ምኅጻር ግን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲፈታ የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ለመጀመር ሦስት ምኅጻር ይበቃል፦ አንድ ለአድራሻው፣ አንድ «ጉዳዩ፦» ለሚለው መስመር፣ አንድ ለመዝጊያው ሰላምታ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ሦስቱን አስቀምጡ።