የሕዝብ ንብረት በኮንሴሲዮን ሲሰጥ፦ ከጎጃም ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መንግሥት የሕዝብ የሆነውን ንብረት ወይም አገልግሎት ለተወሰነ ዘመን በውል ለሌላ ወገን ሲሰጥ ውሉ ኮንሴሲዮን ይባላል። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ሥራን ለአልፍሬድ ኢልግ ለ99 ዓመት የፈቀዱበት ውል የዚህ ዓይነት ነበር። የውሉ መሠረት የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እንጂ አስቀድሞ የወጣ የጨረታ ደንብ አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከአንቀጽ 3207 ጀምሮ የሕዝብ አገልግሎት ኮንሴሲዮንን ደነገገ። በአንቀጽ 1454ም ለሕዝብ ጥቅም የተመደበ ንብረት ከምድቡ መውጣቱ ሳይገለጽ ለሌላ እንዳይተላለፍ ከለከለ።

ይሁን እንጂ ሕግ መጻፉ ብቻ የሕዝብን እምነት አያስገኝም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በዳሞት፣ በሞጣና በቢቸና ገበሬው የተነሣው ስለ ግብሩ ብቻ ሳይሆን፣ መሬቱ ከተለካ በኋላ ርስቱ እንዳይነጠቅ በመሥጋቱም ጭምር ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ ርስት ቀረ፤ የመንግሥትም ኃላፊነት ከበደ። አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ደግሞ የመንግሥትና የግል አጋርነት ውል በመርሕ ደረጃ በውድድር እንዲሰጥ አደረገ።

ዛሬ ቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ ናት። ስለዚህ የቡሬም ሆነ የፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገበሬ ስለ ማንኛውም ውል ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፦ እነማን ተወዳደሩ? ዘመኑ ስንት ነው? ሲያበቃ ንብረቱ ለማን ይመለሳል? መምህሩ እነዚህን ጥያቄዎች በክፍል ቢያስተምር፣ የፕላን ባለሙያውም ውሉ ሳይፈረም በአደባባይ ቢመልሳቸው፣ የ1960ው ሥጋት ምክንያት ያጣል።