የመጀመሪያው ሐኪም የትምህርት ጉዞ

ለትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሩ የሚወጣ ሐኪም ስለ ብርዱ፣ ስለ ቋንቋውና ስለ ፈተናው ማሰቡ የተለመደ ነው። በዘመናዊ ሕክምና የተመረቁት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ግን ጉዟቸውን የጀመሩት በራሳቸው ፈቃድ አልነበረም።

ታሪኩ የሚነሣው ከእኛው ደጋ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ፣ በጎንደር የተወለደ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ወርቅነህ እሸቴ የተባለ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሊን የተባሉ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዱት። እርሳቸው ሲሞቱ ኮሎኔል ማርቲን የትምህርት ወጪውን ቻሉለት፤ ሕፃኑም ቻርልስ ማርቲን ተባለ።

ወጣቱ እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አዳበሩ። የዓድዋ ድል ዜና የትውልድ አገራቸውን አሳሰባቸውና በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው፤ ስማቸውም ወርቅነህ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተረዱ። አማርኛ ግን ጠፍቷቸው ስለ ነበር ከገዛ ዘመዶቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

ይህ ጸሐፊ የዚህን ክብደት የተረዳው ዘግይቶ ነው። በእብናት ሲሠራ አንዲት እናት «ምች መታኝ» ስትለው ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ለአጭር ሥልጠና ውጭ አገር በሄደ ጊዜ ግን አንዲት አሮጊት ሕመማቸውን ሲገልጹለት ቃላቱን እየሰማ መልእክቱ አመለጠው። ታሪኩን አጠናቅሮ ለኃላፊው ሲያቀርብም ዋናውን ነገር ስቶት ተገኘ። የበሽተኛ ታሪክ መቀበል የመጽሐፍ ዕውቀት ብቻ አለመሆኑን ያን ዕለት ተማረ።

ሐኪም ወርቅነህ የጠፋውን ቋንቋ መልሰው ለመያዝ ዓመታት ደክመዋል፤ በኋላም በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መርተዋል፤ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በእንግሊዝ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። አባት ግን ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. እዚሁ ዐረፉ።

በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ እስከ ተከፈተበት እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ ሐኪም ለመሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር ከመሻገር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ የደብረ ታቦር ልጅ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማራል። ስለዚህ መውጣት ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆኗል፤ መመለስም እንዲሁ። የኑሮውንና የደመወዙን ችግር እያወቅን የሚሄደውን ባልደረባ መውቀስ አይገባንም። ነገር ግን ሳይመርጡ ተወስደው መርጠው የተመለሱት ሐኪም ወርቅነህ የሙያችን በኩር መሆናቸውን ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሁሉ ቢያስታውስ መልካም ነው።