መርፌውና ደሙ

እናቴ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ሲደረግላት፣ «ሁለት ከረጢት ደም አዘጋጁ» ተባልንና ዘመድ ስናሳድድ ዋልን። የማደንዘዣ ባለሙያው ግን፣ «ሙሉ በሙሉ አናስተኛቸውም፤ ከወገብ በታች ብቻ እናደነዝዛለን። የሚፈሰውም ደም ይቀንሳል» አለን። ማደንዘዣና ደም ምን አገናኛቸው ብዬ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ።

የወገብ መርፌን ለቀዶ ጥገና ያዋለው ጀርመናዊው አውጉስት ቢር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1898፣ በኪል ከተማ። ኮኬይኑን በረዳቱ ላይ ሞክሮ ቅልጥሙን በመዶሻ ቢመታው ረዳቱ አልተሰማውም። (ኋላ ግን ሁለቱም ታመዋል፤ ቢርንማ ራስ ምታቱ ለቀናት አልጋ ላይ አውሎታል።)

መርፌው የሚያጠፋው ሕመምን ብቻ አይደለም። የደም ሥሮችን ወጥረው የሚይዙትን ነርቮችም ያደነዝዛል፤ ሥሮቹ ይላላሉ፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የተቀደደውም ሥጋ ብዙ አይደማም። ሐኪሞች የግፊቱን መውረድ እንደ አደጋ ሲፈሩት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ግሪፊትስና ጊሊስ የተባሉ የኤደንብራ ሐኪሞች ሆን ብለው ለደም መቀነሻ እንዳዋሉት ጻፉ። ድፍረት ነው! ግፊቱ ከመጠን በላይ ከወረደ ልብና አንጎልም ደም ያጣሉና።

ከሁለቱ ከረጢቶች አንዱ ሳይነካ ቀረ። የመርፌው ብቻ ውለታ ነው አልልም፤ የቀዶ ሐኪሙም እጅ አለበት።