የተቀነሰን የሰውነት ክብደት በዘላቂነት ጠብቆ ማቆየት

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር ሕመም፣ ለደም ግፊት፣ ለልብና ለደም ሥር በሽታዎች እንዲሁም ለተወሰኑ የካንሰር ዓይነቶች ከሚያጋልጡ ምክንያቶች አንዱ ነው። በዚህም የተነሳ ክብደትን መቀነስ በጤና ባለሙያዎች ዘወትር ይመከራል። ይሁን እንጂ ክብደታቸውን በከፍተኛ መጠን ከቀነሱ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የቀነሱትን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ መልሰው ይጨምራሉ። ይህ ጽሑፍ የተቀነሰ ክብደት የሚመለስበትን ምክንያትና ተጠብቆ እንዲቆይ ሊደረጉ የሚገባቸውን ተግባራት ያብራራል።

በጤናው ዘርፍ አንድ ሰው ክብደቱን በዘላቂነት ቀንሷል የሚባለው በአብዛኛው ከመነሻ ክብደቱ ቢያንስ 10 በመቶውን አስቦበት ሲቀንስና ይህንኑ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሲያቆይ ነው። ለምሳሌ 100 ኪሎ ግራም ይመዝን የነበረ ሰው ወደ 90 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ዓመት ሲቆይ በዚህ መለኪያ ውስጥ ይካተታል።

የተቀነሰ ክብደት ለምን ይመለሳል?

የሰው አካል የክብደት መቀነስን እንደ ረሃብ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህም የቀደመውን ክብደት ለመመለስ በሁለት መንገድ ይሠራል።

የመጀመሪያው የምግብ ፍላጎትን መጨመር ነው። ከስብ ክምችት የሚመነጨውና ጥጋብን ለአንጎል የሚያመለክተው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ግን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ በአውስትራሊያ የተካሄደ ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት በተወሰነ ምግብ ክብደታቸውን በቀነሱ ሰዎች ላይ እነዚህ የሆርሞን ለውጦች ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ቀድሞው እንዳልተመለሱ አሳይቷል።

ሁለተኛው የኃይል ፍጆታን መቀነስ ነው። አነስ ያለ አካል የሚያስፈልገው ኃይል አነስተኛ ነው፤ ከዚህም አልፎ አካል ከሚጠበቀው በታች ይቆጥባል። በአሜሪካ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ከውድድሩ ስድስት ዓመት በኋላ የተሳታፊዎቹ አካል በዕረፍት ጊዜ ለአካላቸው መጠን ከሚጠበቀው በአማካይ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያነሰ ኃይል በየቀኑ ይጠቀም እንደነበር አመልክቷል። ይህ በአራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ከሚገኘው ኃይል ጋር ይቀራረባል። የውድድሩ የቅነሳ ፍጥነት ከተለመደው እጅግ የላቀ በመሆኑ ውጤቱ ለሁሉም ሰው በእኩል መጠን አይሠራም፤ ሆኖም የአካልን ባሕርይ በግልጽ ያሳያል።

ከዚህ በመነሳት የክብደት መመለስ የስንፍና ወይም የፈቃደኝነት ጉድለት ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት እንደ ደም ግፊት ሁሉ የረዥም ጊዜ ክትትል የሚያስፈልገው የጤና ችግር ነው።

መቀነስና ጠብቆ ማቆየት የተለያዩ ናቸው

ክብደት በሚቀነስበት ወቅት ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ ሚዛኑ ይወርዳል፣ ልብስ ይሰፋል፣ ወዳጅ ዘመድም ያበረታታል። ክብደቱ ከተረጋጋ በኋላ ግን ጥረቱ እንዳለ ሆኖ የሚታይ ለውጥ አይኖርም። ብዙዎች ጥንቃቄያቸውን የሚያቆሙት በዚህ ወቅት ነው። ስለሆነም ግቡ ላይ ከመደረሱ አስቀድሞ ለቀጣዮቹ ዓመታት የሚሆን የራሱ ዕቅድ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ዕቅዱ ለጥቂት ወራት በትዕግሥት የሚያዝ ሳይሆን ከቤተሰብ ማዕድ፣ ከሥራና ከገቢ ጋር ተስማምቶ ለዓመታት ሊቀጥል የሚችል መሆን አለበት።

ጠብቀው ካቆዩ ሰዎች የተገኘ ልምድ

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተቋቋመው ብሔራዊ የክብደት ቁጥጥር መዝገብ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ግራም ቀንሰው ከአንድ ዓመት በላይ ያቆዩ ሰዎችን የሚመዘግብ ሲሆን፣ ከ10 ሺህ በላይ አባላትን አካቷል። የቀነሱበት መንገድ የተለያየ ቢሆንም በርካታ ልማዶች ይጋራሉ፦

• 90 በመቶ ያህሉ በአማካይ በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል የአካል እንቅስቃሴ ያደርጋሉ፤ ከሁሉም የተለመደው በእግር መሄድ ነው።
• 75 በመቶው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ።
• 78 በመቶው በየቀኑ ቁርስ ይመገባሉ።
• 62 በመቶው በሳምንት ከ10 ሰዓት በታች ቴሌቪዥን ይመለከታሉ።

የመዝገቡ አባላት በፈቃዳቸው የተመዘገቡ በመሆናቸው አኃዞቹ የስኬታማ ሰዎችን ልማድ ያሳያሉ እንጂ እያንዳንዱ ልማድ ብቻውን ውጤት ያመጣል ማለት አይደለም።

በአገራችን ልዩ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች

ዘይትና ቅቤ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። የጾም ምግብ ከሥጋና ከቅቤ ነፃ ቢሆንም ወጡ በብዙ ዘይት ከተሠራ ወይም ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ከበዛ ኃይሉ ከፍተኛ ይሆናል። ዘይትን ከጠርሙስ ከማንቆርቆር ይልቅ በማንኪያ እየለኩ መጠቀም ይመከራል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሌሎች ጥራጥሬዎች፣ ጎመንና አትክልት ጋር ሲቀርቡ በአነስተኛ ዘይት ጥጋብን ይሰጣሉ።

የጾም ወቅትና የበዓላት መዳረሻ፦ ጾም የእምነት ሥርዓት እንጂ የክብደት መቀነሻ ዘዴ አይደለም። ከ55 ቀናት ዐቢይ ጾም ወይም ከረመዳን በኋላ በሚመጡት የበዓል ሳምንታት ክብደት በፍጥነት ሊመለስ ስለሚችል፣ ለእነዚህ ሳምንታት የምግብ መጠንን አስቀድሞ መወሰንና የእግር ጉዞን አለማቋረጥ ይጠቅማል።

መስተንግዶና የአካባቢ አስተያየት፦ «በሞቴ» እየተባለ የሚቀርብ ጉርሻን እምቢ ማለት ይከብዳል። የከሳን ሰው «ታመምክ እንዴ?» ብሎ መጠየቅ፣ የወፈረውንም «ተመችቶሃል» ብሎ ማመስገን የተለመደ ነው። ቤተሰብ ክብደቱ የተቀነሰው በጤና ምክንያትና ታስቦበት መሆኑን ቢያውቅ ግፊቱን ወደ ድጋፍ መለወጥ ይቻላል። አንድ ጉርሻ ተቀብሎ ማመስገን ሙሉ ሳህን ከመቀበል የተሻለ ነው።

መጠጦች፦ ለስላሳ መጠጥ፣ ቢራ፣ ጠላና ጠጅ ጥጋብ ሳይሰጡ ኃይል ይጨምራሉ። በአብዛኛው ውኃንና ስኳር የሌለው ሻይ ወይም ቡና መምረጥ ይገባል።

የቅድመ ማስጠንቀቂያ ወሰን

ሃያ ኪሎ ግራም መልሶ ከመቀነስ ሁለት ኪሎ ግራም መቀነስ ይቀላል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን መመዘንና ውጤቱን መመዝገብ ይመከራል። ከተጠበቀው ክብደት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ሲጨምርና ጭማሪው ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት ሲቀጥል፦

1. በቅርቡ የተለወጠውን ነገር መለየት፤ ለምሳሌ የሥራ ሰዓት፣ የእንቅልፍ ማነስ፣ ጭንቀት፣ ሕመም ወይም አዲስ መድኃኒት፤
2. ቀደም ሲል ውጤት ወዳሳየው የአመጋገብ መጠን መመለስ፤
3. በየቀኑ የእግር ጉዞ ላይ ደቂቃዎችን መጨመር፤
4. በአንድ ወር ውስጥ ለውጥ ካልታየ የጤና ባለሙያ ማማከር።

ምግብን ፈጽሞ መተው ወይም «ማክሻ» ተብለው የሚሸጡ ሻዮችንና የሚያስቀምጡ መድኃኒቶችን መውሰድ የአካልን ውኃና ማዕድናት የሚያዛባ በመሆኑ አይመከርም።

የሕክምና ክትትል

ክብደት ሲቀንስ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል፤ ክብደት ሲመለስም እንዲሁ። መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ወይም መቀነስ ግን አደገኛ ነው። በቀዶ ሕክምና ክብደት የቀነሱ ሰዎች በሐኪም የታዘዙላቸውን ቫይታሚንና ማዕድናት ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው።

እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ ክብደት የሚቀንሱ መድኃኒቶች የሚሠሩት በሚወሰዱበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱን ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ተሳታፊዎች ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን እንደመለሱ አሳይቷል። በመሆኑም የመጀመርም የማቆምም ውሳኔ ከሐኪም ጋር ተመክሮበት ሊወሰን ይገባል።

ሳይታሰብ የሚከሰት የክብደት መቀነስ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። በተለይም የማያቋርጥ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ከፍተኛ ጥማት ከታየ ሳይዘገይ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

የተወሰነ ክብደት ቢመለስስ?

በአሜሪካ የተካሄደውና የስኳር ሕመምን በመከላከል ላይ ያተኮረው ሰፊ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ይሰጣል። አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ያሻሻሉ ተሳታፊዎች ከቀነሱት ክብደት አብዛኛውን በዓመታት ሂደት ቢመልሱም፣ በ10 ዓመት ክትትል በስኳር ሕመም የመያዝ መጠናቸው ከንጽጽር ቡድኑ በ34 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጥቂት ኪሎ ግራሞች በመመለሳቸው ጥረቱ ሁሉ ከንቱ ሆኗል ብሎ መተው ተገቢ አይደለም፤ ከደረሱበት ቦታ መቀጠል ለጤና ትርጉም አለው።