ከመተኮሻ ብረት እስከ ሌዘር፤ የእግር ደም ስር ሕክምና ዳሰሳ

የደቡብ ጎንደር ሰው ኑሮው በእግሩ ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያርመውም፣ ደብረ ታቦር ገበያ ቆማ የምትውለውም ማታ እግራቸው ሲከብድ፣ ባታቸው ላይ የደም ስር ተገትሮና ተጠማዞ ሲታይ «ድካም ነው» ብለው ያልፉታል። ሲብስ ዋግምት መታገም ወይም በጋለ ብረት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ብረቱ ግን ቆዳውን ያቃጥላል እንጂ የታመመው ደም ስር ዘንድ አይደርስም።

የሕመሙን ምንጭ ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1603 ጣሊያናዊው ፋብሪሲየስ ደምን ወደ ልብ በሚመልሱት ደም ስሮች (ደም መልስ) ውስጥ ያሉትን ቫልቮች ገልጾ ጻፈ፤ በ1628 ተማሪው ሃርቪ ደም ወደ ልብ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርጉ መሆናቸውን አስረዳ። ቫልቩ ሲላላ ደም ወደ ታች ይመለሳል፤ ግፊቱም የደም ስሩን ግድግዳ ይለጥጠዋል። በ1907 አሜሪካዊው ባብኮክ ደም ስሩን ነቅሎ ማውጫ መሣሪያ ሠራ፤ ለአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመንም ሕክምናው መንቀል ሆኖ ቆየ። ሜይማን በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ካበራ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ስፔናዊው ቦኔ ብርሃኑን ወደ ደም ስሩ ውስጥ አስገባው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ቀጭን ፋይበር ከጉልበት አካባቢ እስከ ብሽሽት ይሰዳል። ማደንዘዣ ያለበት ጨው ውሃ በደም ስሩ ዙሪያ ይወጋል፤ ነርቭና ቆዳ ከሙቀቱ የሚጠበቁት በዚህ ነው። ከዚያ ፋይበሩ እያበራ ቀስ ብሎ ይሳባል። ወዲያው የግድግዳው የውስጥ ሽፋን ይሞታል፤ ኮላጅኑም እሳት እንዳየ ጠፍር ይኮማተራል። የመጀመሪያዎቹ 810 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያላቸው ሌዘሮች ኃይላቸውን በደሙ ቀለም ላይ ስለሚያሳርፉ የፋይበሩ ጫፍ ግድግዳውን አልፎ አልፎ ይበሳው፣ ጭኑም ይበልዝ ነበር። የኋለኛው 1470 ናኖሜትር በውሃ ስለሚዋጥ ግድግዳውን ራሱን ያሞቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው የጊዜ ሥራ ነው። በሳምንታት ውስጥ ግድግዳው ይቆጣል፤ በወራት ጡንቻው በጠባሳ ይተካል፤ ዓመት ሲሞላ ደም ስሩን በአልትራሳውንድ ፈልጎ ማግኘት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ለታካሚ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው፤ ሌዘር ግድግዳውን አይጠግንም፣ ይገድለዋል፤ ደሙም በሌሎች ጤነኛ ደም ስሮች ይሄዳል። ሙቀቱ ካነሰ የተዘጋው ተመልሶ ሊከፈት ይችላል፤ ክትትል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በእኔ እምነት ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ከሌዘር ማሽን በፊት የሚቀድመው የደም ፍሰትን የሚያሳይ ዶፕለር አልትራሳውንድና በአግባቡ የሚያነበው ባለሙያ ነው። ምክንያቱም ጥልቁ ደም ስር ተዘግቶ ሳለ ላይኛውን ማቃጠል ሊጎዳ ይችላል። ደግሞም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የኖረ ገበሬ እግሩ ያበጠው በዝሆኔ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሊምፍ ሕመም ስለሆነ የደም ስር ሌዘር አይፈውሰውም።

የደም ስራችሁ የተገተረ ወገኖች፣ ዋግምት አትታገሙበት። ቢደማ ተኝታችሁ እግራችሁን ከፍ አድርጉ፣ የሚደማውን ቦታ አጥብቃችሁ ጫኑ፤ ቁስል ሳያወጣም ለሐኪም አሳዩት።